ምስሉ ሱሉልታ፣ ድምፁ ቡራዩ

ሱሉልታ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለመኪያ፣

አካም ጅርታ? ደህና ከሆንሽ እሰየው። ደህና ካልሆንሽ ይህን ወረቀት አጣጥፈሽ አስቀምጪውና ሲሻልሽ አንብቢው፤ የዛሬው ብሶት ብቻ ነው።

አማቷ ቀለበቱን ከጣቷ ስታወልቅባት የኔርሚን ፊት ምን ይመስል እንደነበር ጠይቀሽኛል። አላየሁትም፤ ይቅር በይኝ። እጇን ስትዘረጋ አይቻለሁ። አማቲቱ ጣቷን ስትይዛት አይቻለሁ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ቀጥ አለ። ኔርሚን አፏን በከፊል ከፍታ ደርቃ ቀረች፤ ቀጥሎ ጨለማ ሆነና መሃሉ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ትዞር ጀመር። ሲመለስ ሰዎቹ ሌላ ቤት ሄደው እራት እየበሉ ነበር። ተናድጄ ሪሞቱን አልጋው ላይ ወረወርኩት።

ሐሙስ ማታ ለእኔ ምን እንደሆነ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። አዲስ አበባ በአንድ ግቢ ስንኖር እኔ ዐይኔን ቴሌቪዥኑ ላይ እተክላለሁ፣ አንቺ ጎኔ ተቀምጠሽ እያንዳንዱ ሰው ያለውን ጆሮዬ ውስጥ ትጮሂልኛለሽ። ግቢው ሲፈርስ አንቺ ቡራዩ፣ እኔ ልጄ ዘንድ ሱሉልታ ገባን። ጆሮዬም ጭራሹን ተደፈነ። ከዚያ ወዲህ የቀረን ይኸው ነው፤ ሁለታችንም በየቤታችን ወደ አማርኛ የተመለሰውን አንዱን የውጭ ድራማ እናያለን፣ እኔ ያልሰማሁትን ንግግር አንቺ ጽፈሽ ትልኪልኛለሽ። ስልክ እንደሆነ ለእኔ የሚንቀጠቀጥ ሳሙና ነው። በልጆቹ ስልክ እንጻጻፍ ብል ደግሞ ጓዳችንን ሳሎን ማውጣት ይሆንብኛል። ከሱሉልታ ቡራዩ ወተት የሚያመላልሰው ሽመክት፣ እግዜር መኪናውን ይባርክለትና፣ እሱ ይሻላል፤ ደብዳቤሽ ወተት ወተት ቢሸትም ሳይከፈት ይደርሰኛል።

መቆራረጡ የጀመረው ሁለተኛው ራውተር ከገባ ወዲህ ነው። ራውተር ያልኩሽ ኢንተርኔቱን ለቤቱ የምታከፋፍለዋን ሳጥን ነው። ጋሮማ ቴሌቪዥኔን ከዲሽ አላቆ በኢንተርኔት እንዲሠራ አደረገው፤ ዋናው ቤት ያለችው ራውተር ግን ጓሮ ሰርቪሱ ድረስ አልደርስ አለች። እሱም ሌላ ገዛና በግቢው ላይ ገመድ ስቦ ክፍሌ አስገባልኝ። «እማዬ፣ ሁለት ባላ ትከል ይባል የለ» ብሎ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። ልጄ ለእኔ ብሎ ነው፤ ባማርር ነውር ነው። ግን ሁለት ባላ ተተክሎ እኔው ወድቄያለሁ።

ሐሙስን ካጣሁ ካንቺ ጋር የቀረኝ ምንድን ነው? እስቲ ምን እንደማደርግ ምከሪኝ። አማቲቱ ቀለበቱን ስትወስድ ምን እንዳለችም አትርሺብኝ።

ናጋቲ።
ድንቅቱ

ቡራዩ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ድንቅቱዬ፣

ሰላም ላንቺ፣ ለጋሮማ፣ ለምራትሽ ለኢየሩስና ለልጆቹ። እኔ አልሐምዱሊላህ ነኝ። ከገፈርሳ በኩል የሚመጣው ብርድ ጉልበቴን ያዘኝ እንጂ አፌስ አልታመመም።

አማቲቱ ያለችው ይህን ነው፦ «ቀለበቱ ያንቺ ሆኖ አያውቅም፤ አዋስንሽ እንጂ አልሰጠንሽም።» በኔርሚን ቦታ እኔ ብሆን «እንኳን ቀለበቱን ጣቴንም ውሰጂው» እላት ነበር። ከዚያ በር ተዘጋ፤ ቀጥሎ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። ብርጭቆ ይሁን ሳህን እኔ ልብ አላልኩም፤ ቴሌቪዥንሽ ያን ሰዓት ተመልሶልሽ ከነበረ ጻፊልኝ።

ያ የኔርሚን ዶክተር ግን ሰው መስሎኝ። ቀን ሆስፒታል ውስጥ «ልብሽን አታስጨንቂው» ሲላት ይውልና፣ ማታ በአማቲቱ መኪና ውስጥ ለሠራተኛይቱ «ቁልፉን ደብቂው፣ እኔና አንቺ ብቻ እንወቅ» ይላታል። በሁለት ቢላ መብላት ማለት ይህ ነው። እንዲህ ያለ ሐኪም እንኳን ልብ ጥርስም አይነካኝ።

አሁን ወደ ችግርሽ ልምጣ። አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ራውተሯ ላይ ዳንቴል አልብሰሻል? አውቅሻለሁ፤ አንቺ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም፤ የድሮውን ሬዲዮናችንን እንኳ ትንፋሽ አሳጥተሽው ነው የሞተው። ራውተር ሙሽራ አይደለችም። ትሞቃለች፤ ስትሞቅ ታኮርፋለች። አውልቂላት። ከማቀዝቀዣውም ራቅ አድርጊያት።

አንቺ ብቻ ምስሉን ጠብቂልኝ። የቤቱን መጋረጃ፣ የቀሚሷን ቀለም፣ ማን ማንን በክፉ ዐይን እንዳየ ሁሉን ጻፊልኝ። የእኔ ዐይን ቸኩሎ ያልፋል፤ ያንቺ ያስተውላል። ናፍቀሽኛል፣ ድንቅቱ። ሐሙስ ማታ አንዳንዴ ረስቼ ዘወር እልና «ሰማሽ?» ልል አፌን እከፍታለሁ።

መኪያ

ሱሉልታ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመኪያ፣

ዳንቴሉን አወለቅኩላት። ያንቺው እጅ ሥራ ስለሆነ ነበር ያለበስኳት፤ አሁን ትራሴ ላይ ነው። ራውተሯ በርዳለች፤ መቆራረጡ ግን እንደነበረ ነው። እንዲያውም የባሰበት ይመስላል፤ ጥቂት ደቂቃ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ራሱ ይመለሳል፣ ደሞ ይቆማል። ጋሮማ መስመሩ ይሆናል ብሎ ለድርጅቱ ደወለ፤ እነሱም «መስመራችሁ ደህና ነው» አሉት። ገመዱን አይጥ በልታው እንደሆነ ብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰው። ምንም የለውም።

እሑድ ደግሞ ቴሌቪዥኔን ተሸክሞ ዋናው ቤት ወሰደና ከዋናዋ ራውተር ጋር አያያዘው። ከሰዓት ሙሉ ሳይቆረጥ ዋለ። ክፍሌ ሲመለስ ተቆረጠ። እንግዲህ በሽታው ቴሌቪዥኑም መስመሩም ላይ አይደለም፤ ከሁለተኛዋ ጋር ነው።

«ታዲያ ለምን ሳሎኑ ውስጥ አታዪውም?» ትዪኝ ይሆናል። ሐሙስ ማታ ልጆቹ ካርቱን ያያሉ። አይ፣ እሱ ሰበብ ነው፤ ብጠይቃቸው ይለቁልኛል። እኔ ስገባ ድምፁን ይቀንሱታል፤ ለእኔ ለውጥ የለውምና። ከዚያ ይስቃሉ። በምን እንደሚስቁ አላውቅም። «ምንድን ነው?» ስላቸው ኢየሩስ «ምንም አይደል፣ እማዬ» ትላለች፤ ከንፈሯን አነባለሁ። ክፋት የላትም፤ ቀልድ ተጽፎ ሲነበብ እንደማያስቅ ታውቃለች። ሰው መሃል ተቀምጦ አለመስማት ብቻዬን ከመቀመጥ ይከፋኛል። ጓዳዬ ውስጥ ስሆን ቢያንስ ካንቺ ጋር ነኝ።

አንቺ ዘንድ መምጣቱንስ ለምን እንደተውኩት ድሮም ትጠይቂኝ ነበር። አልነገርኩሽም ነበር። አምና ወደ ገበያ ስወጣ ባጃጅ ከኋላዬ ጥሩምባውን ሲነፋ አልሰማሁትም። ቀሚሴን ቀዶ አለፈ እንጂ አልነካኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሮማ ብቻዬን ከግቢ አያስወጣኝም። እኔም እውነቱን ለመናገር ፈርቻለሁ። አንቺ ብትመጪ ግን ምን ነበረበት? አልጋዬ ለሁለት ይበቃል።

ስለ ዶክተሩ የጻፍሽው ገርሞኛል። መኪናው ውስጥ ለሠራተኛይቱ የሚያንሾካሹከው ሹፌሩ መስሎኝ ነበር። ግን ያኔም ሁለቴ ተቆርጦብኛል። ምናልባት በመሃል ዶክተሩ ገብቶ ይሆናል። ምስሌ እየተቀዳደደ ዐይኔን እንዴት ልመን?

የተሰበረው የአበባ ማስቀመጫ ነው፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ስባሪውን ሲጠርጉ አየሁት። ሰማያዊ።

ድንቅቱ

ቡራዩ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ድንቅቱዬ፣

የባጃጁን ነገር አንብቤ ወረቀቱን አስቀምጬ ወጣሁና ደጅ ቆምኩ። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለውን ደብቀሽኝ። ቀሚስሽ ብቻ መቀደዱን በምን ልመን? እንኳን ተረፍሽልኝ።

በሽታውን አግኝተነዋል። ጎረቤቴ ወንዳፍራሽ ቢሮ ለቢሮ እየዞረ ኔትወርክ የሚዘረጋ ሰው ነው፤ ከእኔ ጋር ግድግዳ ነው የሚለየን። ደብዳቤሽን ይዤ በሩን አንኳኳሁ። መጀመሪያ የነገረኝን አልገባኝም፤ ሁለተኛም አልገባኝም። በኋላ «ቁጥር ማደል» ሲል ጊዜ የራሳችን ሥራ መሆኑ ገባኝና ሳቄ መጣ።

ስሚ። የቤቱ ዕቃ ሁሉ፣ ስልኩም ኮምፒውተሩም ቴሌቪዥኑም፣ ከራውተር ቁጥር ይቀበላል። እኛ የመሥሪያ ቤቱ ስልክ ማዞሪያ ክፍል ስንሠራ እያንዳንዱ ቢሮ የውስጥ ቁጥር እንደነበረው ማለት ነው። እናንተ ቤት ሁለት ራውተር አለ። ሁለቱም «ማዞሪያዋ እኔ ነኝ» ብለው ቁጥር ያድላሉ። ይባስ ብሎ ሁለቱም የራሳቸው መጠሪያ ቁጥር አንድ ነው። ቴሌቪዥኑ አንዴ ከዚህኛዋ ይቀበላል፣ አንዴ ከዚያችኛዋ፤ ወዴት እንደሚሄድ ሲጠፋው ይቆማል።

እኔና አንቺ መጀመሪያ ሥራ ስንገባ ያደረግነውን ረሳሽው? አንዷ ለሌላዋ ሳትነግር መስመር እየሰጠን፣ ሥራ አስኪያጁ የባለቤታቸውን የሐኪም ውጤት ሲጠብቁ ጋራዡን አገናኘንላቸው። የጋራዡ ኃላፊ «ጌታዬ፣ አርጅታለች፤ ጎማዋም አልቋል፤ ብትቀየር ይሻላል» ያላቸው ዕለት። ከዚያ በኋላ ነው አለቃችን እትዬ ሶያማ «አንዷ ትስጥ፣ አንዷ ታሳልፍ» ብለው ግድግዳው ላይ የለጠፉት። እኔ ሰጪ፣ አንቺ አሳላፊ ሆነን ጡረታ እስክንወጣ አንድም መስመር አላጋጨንም።

ያንቺም ራውተር አሳላፊ ትሁን። ጋሮማ እንዲህ ያድርግ። ኮምፒውተሩን በገመድ ከሁለተኛዋ ጋር ብቻ ያያይዝ፤ የዋናዋን አይንካ። ሲገባ መጀመሪያ የሁለተኛዋን የራሷን ቁጥር ይቀይር፤ መጨረሻው ላይ አንድ ካለ ሁለት ያድርገው። ቀጥሎ ዲኤችሲፒ የሚለውን ያጥፋ፤ ቁጥር አዳዩ እሱ ነው። ከዋናዋ የሚመጣው ገመድ ቀለሙ የተለየው ቀዳዳ ውስጥ አይግባ፤ ከተራዎቹ በአንዱ ይሁን። ከዚያ ሁለቱንም ያጥፋና ዋናዋን ቀድሞ ያብራ። ይኸው ነው።

ነይ ያልሽኝን አነበብኩት። ጉልበቴ ሲሻለው ኢንሻአላህ። ደግሞስ ያን የሚያህል ቴሌቪዥኔን ለማን ጥዬው እመጣለሁ?

ጾሙ ሊገባ ነው። ወተት የሚገዛው ሲቀንስ ሽመክትም በየዕለቱ አይመላለስም። ደብዳቤ ቢዘገይብሽ ተቆራረጠብኝ እንዳትዪ።

መኪያ

ሱሉልታ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

መኪያ ኮ፣

ተስተካከለ። ጋሮማ ደብዳቤሽን ኮምፒውተሩ አጠገብ ዘርግቶ እንደ ጸሎት መጽሐፍ እያነበበ ሠራው። ሲጨርስ «እማዬ፣ ሁለቱንም እኔው ነኝ ሰጪ ያደረግኳቸው» ብሎ ጻፈና አንገቱን ደፋ። አይዞህ፣ እኛም ሥራ አስኪያጁን ከጋራዡ ጋር አገናኝተን ነው የተማርነው አልኩት። ሐሙስ ማታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዴም አልቆመም። እልል ልል ነበር፤ ድምፄ ምን ያህል እንደሚወጣ ስለማላውቀው ተውኩት።

ግን ደስታዬ ግማሽ ሆነ፤ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ሠርጉን አየሽው አይደል? ድንኳኑ ነጭ፣ ወንበሮቹ ወርቃማ፣ ኔርሚን ወደ ጓሮ ቆማ። ዶክተሩና ሹፌሩ ጎን ለጎን ቆመው ነበር፤ ተጨባበጡ። ዶክተሩ ረጅም፣ መነጽር ያደረገ፣ ፊቱ የተላጨ ነው። ሹፌሩ ድንክዬ ነገር ሆኖ ሪዙ አፉን ሸፍኖታል። ሁለት ሰዎች ናቸው፣ መኪያ። ልጅ እንኳ አያምታታቸውም። አንቺ ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ የሹፌሩን ተንኮል ሁሉ ዶክተሩ ላይ ትጭኛለሽ። እኔም ዐይን እያለኝ፣ ተቆርጦብኝ ያመለጠኝ ነገር አለ እያልኩ አንቺን አምን ነበር። አሁን የተቆረጠ ነገር የለም።

ለኢየሩስ ጽፌ ጠየቅኳት። እየሳቀች መለሰችልኝ፤ የሁለቱንም ንግግር በአማርኛ የሚናገረው አንድ ሰው ነው አሉ። ድምፃቸው አንድ ነው። እሷ ሳቀች፣ እኔ ግን ደብዳቤዎችሽን አውጥቼ ደግሜ አነበብኳቸው።

ዐይንሽን ታመሻል? በእውነት ንገሪኝ። የቀሚሱን ቀለም፣ መጋረጃውን፣ የተሰበረውን ዕቃ ሁሉ የምትጠይቂኝ ለዚህ ነው? በእኛ ዕድሜ የስኳር በሽታ ዐይን ይይዛል ይላሉ። ብቻሽን ጨለማ ውስጥ ተቀምጠሽ ለእኔ የምትጽፊ ከሆነ አልችለውም። ሳነበው የእጅ ጽሑፍሽ ያው ቀጥ ያለ ነው፤ እሱ ነው ግራ የሚያጋባኝ።

ቶሎ መልሺልኝ። ምንም ሳትጨምሪ፣ ዐይንሽን ብቻ ንገሪኝ።

ድንቅቱ

ቡራዩ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ድንቅቱ፣

ዐይኔ ደህና ነው። መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ።

ሽመክት ባለፈው ወተት ይዞ ሲመጣ ደጄ ላይ ቆሞ አንገቱን እያሰገገ ወደ ውስጥ ያያል። ሌላ ጊዜ የወተት ዕቃውን አስቀምጦ የሚበር ሰው። «ምን እንድታይ ላከችህ?» ስለው ጆሮውን አከከ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ያየውን ሳይነግርሽ እኔው ልንገርሽ።

ቴሌቪዥን የለኝም። ሚያዝያ ላይ ራዲያ ባሏን ተከትላ ሰበታ ስትገባ ባዶ ቤት ነበር የጠበቃት። አንድ ልጄ ናት። ቴሌቪዥኔን ሰጠኋት፤ «እማማ፣ አንቺስ?» ስትለኝ ሌላ ገዝቻለሁ አልኳት። ላንቺም ያንኑ ጻፍኩልሽ። በኋላ እነግርሻለሁ እያልኩ ሳለ «ሐሙስን እንዳትተዪብኝ፣ ሌላ የምጠብቀው የለኝም» የሚል ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ልንገርሽ?

የወንዳፍራሽና የእኔ ግድግዳ ችፑድ ነው። ቴሌቪዥኑ በግድግዳው ወዲያ ማዶ ተሰቅሏል። ሐሙስ ማታ ወንበሬን አስጠግቼ እቀመጣለሁ፤ አንድም ቃል አያመልጠኝም። ማን እንደተናገረ ግን ከድምፁ በቀር የማውቅበት የለኝም። ድምፁ አንድ ከሆነ ሰውየውም አንድ ነው ብዬ ነው እንጂ ያ ምስኪን ዶክተር ምን አደረገኝ? ኔርሚንን መልኳን አላውቀውም። ባንቺ ደብዳቤ ነው ያለበስኳት። ሰማያዊ የአበባ ማስቀመጫ ስትዪኝ ሰማያዊ ሆነ።

ሱሉልታ አልመጣ ያልኩሽም ጉልበቴ ብቻ አይደለም። እኔ ስመጣ አንቺም ትመጫለሽ፤ ስትመጪ ታዪዋለሽ። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር። ድሮ ግቢው ሙሉ እኔ ቤት ይሰበሰብ እንደነበር ታውቂ የለ።

የባሰው ገና ነው። ወንዳፍራሽ ለገጣፎ ቤት ደርሶታል። በዚህ ሳምንት ይገባል። ምርቃት ይገባዋልና መረቅሁት፤ ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ። ቴሌቪዥኑ ከግድግዳው ላይ ሲሄድ ቃሉም አብሮ ሊሄድ ነው። ከእንግዲህ የምልክልሽ የለኝም።

አደራ፣ ለጋሮማ ነግረሽ ቴሌቪዥን ግዙላት እንዳትዪ። እንዲህ ብታደርጊ እቀየምሻለሁ።

መኪያ

ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

መኪያ ኮ፣

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኛስ የጠራው ራውተር ሲስተካከል ነው። አንቺው አስተካክለሽ አንቺው ተያዝሽ። ሳነበው መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደሞ ሳቅሁ፤ ኢየሩስ ደንግጣ ጋሮማን ጠራችው። ግድግዳ ጆሮ አለው ሲሉ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ያንቺ ግን አፍም ነበረው።

አልተቀየምኩሽም። የተቀየምኩት አንቺ በዚያ ብርድ ግድግዳ ላይ ተለጥፈሽ ለእኔ ንግግር ስትለቅሚ፣ እኔ ምስል ቆመብኝ ብዬ ሪሞት መወርወሬን ነው። እንኳን ሐሙስን፣ ምን ይዘሽ ብትመጪ ደስ ባለኝ ነበር። ባዶ እጅሽንም ብትሆኚ።

ነይና እዚህ ኑሪ። ጋሮማ እሺ ብሏል፤ ኢየሩስ እንዲያውም ክፍሉ ይለሰን ትላለች። አንቺ ሰሚ፣ እኔ ተመልካች፤ አንድ ቴሌቪዥን ለሁለት ይበቃናል። የምትይዥው ልብስሽን ብቻ ነው። ሽመክት የፊት ወንበር ይለቅልሻል።

እሺ በይኝ።

ድንቅቱ

ቡራዩ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ድንቅቱዬ፣

አላህ ይስጥልኝ። ለጋሮማም፣ ለኢየሩስም። ጥሩ ልጆች አሉሽ።

አልመጣም። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ ነው፣ ሲሰነብት ብረት። አንቺ ራስሽ እንኳ በልጅሽ ቤት ሲስቁ «ምንድን ነው?» እያልሽ የምትኖሪ ሰው፣ ሌላ አሮጊት ጨምረሽባቸው እንዴት ይሆናል? ክፍሉን ይለሰኑልሽ፤ አንቺ ተኚበት።

ወንዳፍራሽ ወጥቷል። የገቡት አዳዲስ ተከራዮች ደጋጎች ናቸው፤ ቴሌቪዥን የላቸውም፤ ማታ ማታ አይሰሙም። ሐሙስ ማታ ከልማድ የተነሳ ወንበሬን አስጠግቼ ተቀመጥኩ። ዝም አለ። ጆሮዬን አስደገፍኩት፤ ዝም አለ። ያንቺ ዓለም ይህን ይመስላል ማለት ነው ብዬ እስክደክም ተቀመጥኩ።

ከእንግዲህ የምጽፍልሽ ንግግር ስለሌለኝ ሽመክትን በከንቱ አታመላልሺው። አንቺ ምስልሽን እዪ። ጥራት ያለው ነገር እንኳን ተገኘ። በዓሉ ሲደርስ መልካም ገና እልሻለሁ፤ አንቺም ለረመዳን አትረሺኝም፤ እንደዚያ እንደዚያ እያልን እንቆያለን።

ናፍቀሽኛል የሚለውን ጽፌ ልሰርዘው ነበር፤ እጄ እምቢ አለ። ይኑር።

መኪያ

ቡራዩ፣ ሐሙስ

መኪያ፣

ይህን በርሽ ላይ ተደግፌ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌ ቢጣመም አትፍረጂ።

ሽመክት በመኪናው ከግቢያችን አንስቶ ደጅሽ አድርሶኛል፤ አሁን ወተቱን ሊያድል ሄዷል። ጋሮማ አንድ ቀን ሙሉ እምቢ አለኝ፤ ማታ ኮቴን አውጥቶ ጠረገልኝ። ቴሌቪዥን አላመጣሁም፤ እንዳትቀየሚኝ። ቅያሪ ልብስ ነው ያመጣሁት።

ባለፈው ሐሙስ ድራማውን ሙሉውን አየሁት። አልተቆረጠም። ሁሉም እንደ ውሃ ጠርተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ኔርሚን አለቀሰች፤ ለምን እንዳለቀሰች አላወቅኩም፣ ለማወቅም አልጓጓሁም። አጠፋሁትና ልብሴን ማጣጠፍ ጀመርኩ። እንግዳ ብረት ይሆናል ብለሻል። እሺ፣ ብረት ልሁንብሽ። አንድ ወንበር ካለሽ አልጋው ላይ እቀመጣለሁ። ምን እንደምናይ አላውቅም፤ ምንም ካልታየ ስላለፈ ሰው እናማለን። አንቺ ትጮሂልኛለሽ፤ ጎረቤቶችሽ ይቻሉት።

በሩን ደጋግሜ አንኳኩቻለሁ። «ማነው?» ብለሽ ይሆናል፤ ምናልባትም አሁንም እያልሽ ነው። እኔ አልሰማሽም። ስለዚህ ወረቀቱን ከበሩ ሥር አስገብቼ እዚሁ ቆሜያለሁ።

እኔ ነኝ። መልስ አትጻፊ፤ ክፈቺ።

ድንቅቱ